ጭቃ የለበሰ ካሮት

ቅዳሜ ቅዳሜ በትርፍ ጊዜው የቻቻክ ከተማን የገበሬዎች ገበያ ፎቶ የሚያነሳው የጥርስ ሐኪም የአትክልት ሻጯን የራዶይካን ካሮት አየና ፊቱን አጨማደደ። «እማማ፣ ለምን አጠቡት? አፈር ሲኖረው እኮ ነው የገበሬ የሚመስለው።» ራዶይካ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ካሮቱን በቀዝቃዛ ውሃ ያጠበችበት እጇ እስካሁን እንደቀላ ነበር።

እሱም ከጎኗ የሚሸጠው ስቶያን ፊት ሄዶ ተንበረከከ። የስቶያን ካሮት ጭቃ በጭቃ ነው። ከጅምላ መጋዘን በካርቶን አምጥቶ፣ ጠዋት ከመኪናው ጀርባ ጭቃ ሲቀባው ራዶይካ በዓይኗ አይታለች። «ከሞራቫ ወንዝ ዳር፣ ከአያቴ ማሳ የነቀልኩት ነው» አለ ስቶያን ደረቱን ነፍቶ። ፎቶ አንሺው ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ፣ «እማማ፣ የውሃ ባልዲዎ ፎቶው ውስጥ ገባብኝ፤ ዞር ያድርጉልኝ» አላት።

ራዶይካ ባልዲውን አነሳችና ግማሹን የስቶያን ካሮት ላይ ቸለሰችው። ጭቃው ወርዶ፣ በአንድ ቅርጽ የተሠራ የሚመስል፣ ቁመቱም ውፍረቱም እኩል የሆነ ካሮት ብቅ አለ። «የአያትህን ማሳ አጠብኩልህ» አለችው። ስቶያን አንገቱን ደፋ። ፎቶ አንሺው ግን ካሜራውን ወደ እሷ አዞረ። «ግሩም ነው። እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ እማማ፣ ፊትዎ አልገባም።»

ራዶይካ ባልዲውን ዘንበል አድርጋ አየች። ለአንድ ሰው የሚበቃ ውሃ ቀርቶ ነበር።