ሬይኖ አልመልስም ያለው ቀለበት

"ቀለበቴን ስጠኝ እንጂ፣ ሬይኖ!"

ሬይኖ ጭራሽ አጥብቆ ጨበጠው...

ሚስቱ አይሊ ጣቶቹን ልታላቅቅ ስትሞክር ገፈተራት።

ይሄን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን እጁን አንስቶባት አያውቅም!

ልጃቸው ሄልቪ ከማዕድ ቤት ሮጣ መጣች።

"በቃ እማዬ! አባዬ መጦሪያ ቤት መግባት አለበት። ዛሬ ገፈተረሽ፣ ነገ ደግሞ..."

"ዝም በይ!" አለቻት አይሊ።

ሬይኖ የእህል ባቡር ነጂ ነበር። በካናዳዋ ተንደር ቤይ ከተማ ውስጥ በሳቁ የማያውቀው ሰው የለም።

አሁን የመርሳት በሽታ ይዞት የልጁ ስም ጠፍቶታል... የሚስቱም ጭምር።

የቅዳሜ ሥራውን ግን አልረሳም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አይሊ ለብ ያለ ውሃ በሳህን ታቀርብለታለች። የጋብቻ ቀለበቷን ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ ይነክርና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አልማዙን ከሥር ከሥሩ ያጸዳዋል።

ያደርቀዋል። ጆሮው ሥር አድርጎ ነቅነቅ ያደርገዋል። ከዚያ መልሶ ጣቷ ላይ ያጠልቅላታል።

የጀመረው እሷ ዳቦ ቤት ስትሠራ ነው። አልማዙ ሥር የደረቀ ሊጥ አይቶ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ የገዛሁልሽ አልማዝ ነው ዳቦ?" ብሎ በሳቅ ገደላት።

በገፈተራት ቅዳሜ ግን ቀለበቱን ነቅነቅ ሲያደርግ ፊቱ ተለዋወጠ... ጨበጠው። አልመልስም አለ።

ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው ሄልቪ ኪሱን ፈተሸች። ቀለበቱን በመሐረብ ጠቅልሎታል።

"ጠምዝዞት እንዳይሆን እናሳየው" አለች። ሬይኖን ጎረቤት እንዲጠብቀው አድርገው ወርቅ ሠሪ ጋ ሄዱ።

ወርቅ ሠሪዋ በማጉያ መነጽር አየችው። ደግማ አየችው።

"እማማ... ይሄን ቀለበት ያውልቁ ያለዎት ማነው?"

"ምነው? ምን ሆነ?"

"አልማዙን ቆንጥጠው ከያዙት የወርቅ ጥፍሮች ሁለቱ ተሰብረዋል። ሌላው አልቆ ወረቀት አክሏል። ሁልጊዜ የሚደረግ ቀለበት እንዲህ ነው፣ በርም ድስትም ልብስም እየነካው ሳይታወቅ ይሳሳል። ዛሬ አድርገውት ቢውሉ ኖሮ ድንጋዩን አያገኙትም ነበር።"

ሄልቪ አፏን በእጇ ያዘች...

ለጥገና ትተውት ሲመለሱ ሬይኖ ነቅቶ ኪሶቹን ሁሉ እየገለበጠ ነበር። እንባው ቀርቧል።

ሄልቪ ፊቱ ተንበረከከች። "አባዬ፣ እንዲጠገን ሰጥተነዋል። መላላቱን አውቀህ ነው እንዴ?"

"ይንኳኳል! ሰምቼዋለሁ!"

"ታዲያ ለምን አልነገርካትም? ለምን ከለከልካት?"

ሬይኖ አይሊን በጎን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ...

"እኚህ ሴትዮ ደግ ናቸው። ምግብም ይሰጡኛል። ቀለበቱ ግን የሚስቴ ነው! የሚስት ቀለበት፣ ያውም እየተንኳኳ፣ ለሰው ይሰጣል እንዴ?"



የሚስቱን ቀለበት የሚጠብቀው... ከገዛ ሚስቱ ነበር!

አይሊ እንደምንም ድምፅ አወጣች። "ሚስትህ የት ናት?"

"ዳቦ ቤት። አሁን ትመጣለች።"

አጠገቡ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገላት።

"ይቀመጡ እንጂ እትዬ... አብረን እንጠብቃት።"

አይሊ ተቀመጠች።

ሄልቪም ከዚያ ወዲህ የመጦሪያ ቤት ነገር አላነሳችም።

ወዳጆቼ... ሁልጊዜ ከእጃችሁ የማይለየውን ነገር አልፎ አልፎ አውልቃችሁ እዩት፣ አጽዱት፣ ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ ስሙት። የሚላላው ሳይታወቅ ነው። ትዳርም እንደዛው!

እስቲ ንገሩኝ... ስማችሁን እንኳ ቢረሳ፣ የእናንተ የሆነውን ለማንም አሳልፎ የማይሰጥ ሰው አላችሁ? ማን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ 👇