የጀልባዋ ትንሽ መስኮት

መስኮት ሠሪው ጀልባዋን የገዛው ባሏ ከሞተባት ሴት ነው። ባለ ሁለት አልጋ፣ ባለ ናፍጣ ሞተር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለች ነጭ ጀልባ ናት። ሴትየዋ ቁልፉን ስትሰጠው እንባዋ ቀደማት። ባሏ እንዴት እንደሞተ ሊጠይቃት አስቦ ተወው፤ የሰው ቁስል አይነካካም። ፀጉር አስተካካዩ ግን ሳይጠየቅ ነገረው።

«ሰውዬውን እኮ ውኃ በልቶት ነው። እሱ በሰመጠበት ሐይቅ አንተ ልትዝናና ነው?»

መስኮት ሠሪው ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው ሐይቅ የሚያይበትን መስኮት ሲሠራ ኖሯል። አሁን ተራው የእሱ ነው። በፀጉር ቤት ወሬ የሚተዋት ጀልባ አልነበረችም።

የመጀመሪያ ሰሞን ያስቸገረው ሙት ሳይሆን ንፋስ ነው። መኪና ፍሬን አላት፤ ጀልባ የላትም። ወደ ኋላ እያስገባ ሊያቆማት ሲል ሁለቴ ከመቆሚያው ግንብ ጋር አላተማት። ዳር ዳሯን አሮጌ ጎማ አንጠለጠለባት እንጂ ቀለሟ በሳምንት ባለቀ ነበር። ሚስቱ ገመዱን ይዛ ዳር ላይ ትጮኻለች።

«ቀስ በል እንጂ! የሰው ንብረት እኮ ነው!»

«የራሳችን ነው!»

«እሱንማ ለሰውዬው ንገረው።»

ባትሪው አርጅቷል። ሞተሩ ካልሠራ መብራቱም የውኃ መሳቢያውም ቀጥ ይላሉ። ስለዚህ መልሕቅ ጥለው ሲያርፉ እንኳ ሞተሩን አያጠፋውም፤ በዝግታ እንዲሠራ ይተወዋል። ዝናብ ሲሆን ክፍሏ ውስጥ ገብተው፣ በሩንም መስኮቱንም ዘግተው፣ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዱ ይጨዋወታሉ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ባለ ቀን ነው። መጀመሪያ ራሱን ወቅሮ ያዘው። ቀጥሎ ሰው ደረቱ ላይ የተቀመጠ ያህል ከበደው። ከዚያ ከጣሪያው ላይ የእግር ኮቴ ሰማ። ሚስቱም አንጋጣ ጣሪያውን እያየች ነው፤ ጉንጮቿ ደም መስለዋል።

«ሰማህ?»

«ምኑን?» አለ፤ ሰምቷል።

ከአልጋው ራስጌ ያለችው ትንሽ መስኮት፣ በገዛ እጁ የቀረቀራት፣ ወለል ብላ ተከፍታ ነበር። ብርዱ ፊታቸውን ሲመታቸው ተደጋግፈው ወደ ውጭ ወጡ። ወደ ዳር ተመልሰው የብስ ሲረግጡ ሁለቱም ደህና ሆኑ።

ሦስት ጊዜ ሆነ። ሦስቱንም ጊዜ ኮቴው፣ ሦስቱንም ጊዜ ያቺው መስኮት። መቀርቀሪያውን ለወጠ፤ ተከፈተ። ሁለተኛ ጨመረ፤ ሁለቱም ተከፈቱ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጥላ የመሰለ ሰው መስኮቷ ሥር ቆሞ መቀርቀሪያውን ሲታገል አየ፤ ወይም ያየ መሰለው። ፈራ። እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

«ጀልባዋን የሸጠችልህ ሚስትየዋ ናት» አለችው ሚስቱ ቤት ሲገቡ። «እሱ አልሸጠልህም። በብርድ እያንዘፈዘፈ ሊያስወጣን ነው።»

«በእኔ መስኮት?»

«በራሱ መስኮት! ስማኝ፤ አንድ ቀን ብቻ አብሬህ እወጣለሁ። ያን ቀን ከገባ ትሸጣታለህ። እምቢ ካልክ እኔን እህቴ ቤት ፈልገኝ።»

ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሚስቱ ያለችውን የምታደርግ ናት። ያለ እሷ ደግሞ ጀልባም ሐይቅም ምንም አይደሉም። ሁለቱንም ላለማጣት የሚያውቀውን ሙያ ያዘ። መስኮቷን ዙሪያዋን በጎማ ጠቀጠቃት፤ ሲሊኮን ቀባት፤ ፍሬሟን በስምንት ብሎን ጠፈራት። የበሩንም ጠርዝ እንዲሁ አደረገ። ሲጨርስ ክብሪት ጭሮ ዳር ዳሩን ዞረ፤ ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም። በዕድሜው እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም።

«ይግባ እስቲ!» አለ ብቻውን።

እሁድ ረፋድ ላይ ወጡ። ሐይቁ መሃል ዝናብ ያዛቸው። መልሕቁን ጣለ፤ ሞተሩን በዝግታ ተወው፤ ገብተው በሩን ዘጉ። ሻዩ ሳይበርድ ኮቴው መጣ። ጣሪያው ላይ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰ። ከዚያ መስኮቷ ተንኳኳች።

«አትክፈት» አለች ሚስቱ፤ ድምፅዋ ተጎተተ።

«ልክፈት ብልስ በምን?»

ማንኳኳቱ ድብደባ ሆነ። መስታወቱ ላይ ሰፊ፣ ነጭ መዳፍ ተለጠፈ። ከበስተኋላው አንድ ፊት አለ፤ አፉ ይጮኻል፤ ቃሉ አይሰማም። መስኮት ሠሪው ከስምንቱ ብሎን አንዱም እንዳልላላ አይቶ ደስ አለው። ሚስቱ ትከሻው ላይ ተኝታለች። አሸነፍነው ሊላት ፈለገ፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው። እሱንም እንቅልፍ ጣለው።

ሲነቃ ውጭ በጀርባው ተንጋሏል፤ ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ትስላለች። ስትስል ሰምቶ እንደዚያን ቀን ተደስቶ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሞተሩን አጥፍተው፣ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ይዘው ከክፍሉ ወጡ።

«የሞተሩ ጭስ ማውጫ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ነው የሚተፋው» አሉ እየተቆጡ። «በዚህ ላይ ዘግቶ መቀመጥ ምን ይሉታል? መስኮቱን መስበርህ በጃችሁ እንጂ ሁለታችሁም አልቃችሁ ነበር።»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የሰበሩት?»

«ኧረ እኔ የመስታወቱን ድምፅ ከሩቅ ሰምቼ መጥቼ ነው ጎትቼ ያወጣኋችሁ።»

መስኮት ሠሪው እጆቹን አገላብጦ አየ፤ ጭረት እንኳ የለባቸውም። በበሩ አሻግሮ ተመለከተ። ስብርባሪው በሙሉ ወደ ውስጥ፣ ትራሳቸው ላይ ፈሷል።

«የድሮው ባለቤቷ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሰመጠው የት ጋ ነው?»

«ማነው ሰመጠ ያለህ?» አሉ ሽማግሌው። «ሬሳውን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ከዚችው አልጋ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ።»