የግራ የኋላ እግር

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ወጣቷ ተመራማሪ በደረቀው ወንዝ ዳር ተንበርክካ አራተኛውን ዱካ ትለካለች። ስምንት ሴንቲ ሜትር። ሦስተኛውም ስምንት ነበር፤ ሁለተኛውም።

“አላልኩሽም?” ይላሉ ሽማግሌው የደን ጠባቂ አጠገቧ ቆመው። “እመቤቲቱ ውሃ ልትጠጣ ወርዳለች። በይ ጻፊያት፣ ልጄ።”

እመቤቲቱ የሚሏት በዚህ ሸለቆ የቀረችውን ብቸኛ ሴት ነብር ነው። የዓመቱ የዱር እንስሳት ቆጠራ ዛሬ ይዘጋል። እሷ ካልተመዘገበች ሸለቆው ከጥብቅ ደኑ ተቆርጦ ለድንጋይ ፈላጮች ይሰጣል፤ የሽማግሌውም ኬላ አብሮ ይፈርሳል። ተመራማሪዋ ይህን ስለምታውቅ እጇ ለመጻፍ ይቸኩላል። ዓይኗ ግን እምቢ ይላታል።

የነብር የፊት መዳፍ ሰፋ፣ የኋላው ጠበብ ይላል። እነዚህ ግን አራቱም የግራ የኋላ እግር ናቸው፤ በአራቱም ላይ ተረከዙን የሰነጠቀችው ያችው ጠባሳ አለች። የአንዱን ጠርዝ በጣቷ ትነካለች። ነጭ ዱቄት።

ጀሶ ነው። ዱካ በተገኘ ቁጥር ጀሶ በጥብጠው ያፈሱበታል፤ ሲደርቅ የነብሯ መዳፍ ቁልጭ ብሎ ይወጣና በቢሮው ቁም ሣጥን ይቀመጣል፤ አፈር ላይ የጫነው ሰው ያንኑ ዱካ መልሶ ያወጣል። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ያለው በሽማግሌው ኪስ ነው።

“ጋሼ፣ እመቤቲቱ በአንድ እግሯ እየዘለለች ነው የወረደችው?”

“እርጅና ነዋ! እኔስ ጠዋት ጠዋት ሁለቱም መቼ ይታዘዙኛል?” ይስቃሉ። ሳቃቸው መንገድ ላይ ይቀራል።

“በዓይንዎ ያዩዋት መቼ ነው?”

“ዱካዋ እያለ ዓይን ምን ይሠራል?”

“መቼ ነው፣ ጋሼ?”

“አንቺ ከክፍልሽ አንደኛ ስትወጪ፣ እኔ እዚህ ከእሷ ጋር ፀሐይ ሲመታኝ ነበር። ዛሬ መርማሪዬ ሆነሽ አረፍሽው?”

አንድ ነገር ታስተውላለች። ሽማግሌው ከመጡ ጀምሮ በእሷና ከወንዙ ማዶ ባለው ቁጥቋጦ መካከል ተገትረዋል። እንደ ዋዛ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ትላለች። እሳቸውም ፈቀቅ ይላሉ። ወደ ግራ ትመለሳለች። እሳቸውም ይመለሳሉ።

ገድለዋት ይሆን፣ ወይስ ሞታባቸው ቀብረዋት? ከልጅነቷ ጀምሮ እሷን “ልጄ”፣ ነብሯን “እመቤቲቱ” እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ክፉ ማሰቡ ራሱ ያሳፍራታል። ግን ቢያሳፍራትም ሐሳቡ አይተዋትም።

መዝገቡን ከድና ትነሣለች።

“ያለችበት ይውሰዱኝ፣ ጋሼ። በሕይወት ባትኖርም።”

ሽማግሌው አያዩዋትም። በጫማቸው አፍንጫ አራተኛውን ዱካ ቀስ ብለው ያጠፋሉ፤ ከዚያም ሦስተኛውን፤ ወደ ቁጥቋጦው የሚያልፈውንም መንገድ ይለቁላታል።