ከወንበሩ ሥር ያሉት ሳንቃዎች

ክረምቱ ከባድ ነበር። ቀድሞ ገባ፣ ዘግይቶ ወጣ። አጥር ጣለ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ገነጠለ። የእንጨት በረንዳው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ እንደ ሳሙና ያንሸራትት ጀመር። አንድ ቀን ዶፍ ሲወርድ ፌንጣ የሚሉት ሽማግሌ በረንዳው ላይ ወደቀ። ጎረቤቱ አናጢው እስኪደርስለት ድረስ ዝናቡ ሲቀጠቅጠው ቆየ።

ዛሬ ፀሐይ ወጥታለች። አናጢው ተንበርክኮ ከበረንዳው ላይ ምስማር ይነቅላል።

በረንዳው አንድ ነው፣ ቤቶቹ ሁለት። ግማሹ የአናጢው፣ ግማሹ የጎረቤቱ። በጎረቤቱ በኩል፣ ከደጃፉ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሳንቃ የሌለው ክፍተት አለ። ሰውዬው በወጣ በገባ ቁጥር ክፍተቱን ስለሚዘል ሰፈሩ ፌንጣ አለው፤ በዚያው አረጀ። አሁን ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ ጉልበቱም ከድቶታል። እግሩ ግን ቦታውን ያውቀዋልና መዝለሉን አልተወም። በዚህ ክረምት ግን ዝላዩ አጠረበትና ወደቀ።

«ጋሼ፣ በከንቱ አይልፉ» አለች የፌንጣ ልጅ ደጃፉ ላይ ቆማ። የአባቷን ልብስ የከተተችበትን ሻንጣ ይዛለች። «እኔ ጋ ነው የሚሄደው። ሌላ ክረምት እዚህ አያሳልፍም።»

«አልሄድም ብሏል እኮ።»

«እሱማ ሲሸከሙትም አልሄድም ነው የሚለው።»

«ሰምቻለሁ!» አለ ፌንጣ ከውስጥ። «የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አለ!»

አናጢው ሳቁን ዋጠ። «እስከ ደረጃው በእግሩ ሄዶ ቢመለስስ?» አላት።

ልጅቷ ክፍተቱን አየች። «ሳይዘል?»

«ሳይዘል።»

«እንግዲህ አያለሁ» አለች። ሻንጣውን ግን አላስቀመጠችም።

ክፍተቱ የአናጢው ዕዳ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ እንደ ዘንድሮው ያለ ክረምት የእሱን ግማሽ አበሰበሰበት። ሚስቱ ደረቷን ታማ ነበር። ቤት ውስጥ አየር ያጥራታል፤ ውጭ ካልተቀመጠች አይሆንላትም። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ሳንቃ ከየትም አይገኝም። ፌንጣ ያኔ ገና ፌንጣ አልነበረም። ማንንም ሳይጠይቅ ዝናብ ውስጥ ወጣ፣ ከራሱ በረንዳ ሳንቃዎች ነቀለ፣ ተሸክሞ መጥቶ አናጢው በኩል መታቸው። «ወንበሯን አምጣ» ብቻ ነበር ያለው። ሴትዮዋ እዚያ ተቀምጣ ሰማዩን ስታይ በጋውን ዘለቀች። ከዚያ ሞተች።

አናጢው ልመልስልህ ቢለው፣ «መቀመጫዋን አትንካ» አለ ፌንጣ። ሌላ ሳንቃ ላምጣልህ ቢለው፣ «እኔ የራሴን ነው የምፈልገው፤ እሱ ደግሞ ሰው ተቀምጦበታል። ተወኝ፣ መዝለል ለምጃለሁ» አለው።

ከዚያ ወዲህ አናጢው በረንዳውን ሲንከባከብ ከእነዚያ ሳንቃዎች ይጀምራል። ክረምት ሲወጣ ሻጋታውን በብሩሽ ይፈገፍጋል። በጋው ሲጠና በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ የተልባ ዘይት ያጠጣቸዋል። ነፋሱ ቅጠል ሲያመጣ በመሃላቸው የተወሸቀውን በቢላ ጫፍ ያወጣል። ዘይቱ ያነሰ ጊዜ የራሱ ሳንቃዎች ጦማቸውን ያድራሉ። እነዚያ ግን የሰው ዕቃ ናቸው።

የመጨረሻው ምስማር እያቃሰተ ወጣ። ሳንቃው ሲነሳ ሆዱ ደረቅ ነበር። ወደ አፍንጫው ቢያስጠጋው ትናንት የተሰነጠቀ እንጨት ሸተተው። ላዩ ላይ የወንበር እግር የቆፈራቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። አውራ ጣቱን አንዱ ላይ አሳረፈ። ቆየ። ከዚያ ሳንቃዎቹን ታቅፎ ተነሳ። ሚስቱ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ጥቁር አፈር ታየ።

ፌንጣ በኩል ሲንበረከክ ነው ያስተዋለው። በክፍተቱ በዚህኛው ጠርዝ እንጨቱ ሰርጉዷል። በወዲያኛውም እንዲሁ። ስንት ጊዜ ብሩሹን ይዞ አልፎበታል፣ ዝናብ የበላው እየመሰለው። አሁን መዳፉን ቢያኖርበት የእግር ቅርጽ ነው። የሚነሳበትና የሚያርፍበት። አንድ ሰው፣ ሲወጣ ሲገባ፣ ያንን ጠንካራ እንጨት በእግሩ በልቶታል። የሰው ሚስት ወንበር እንዳይነሳ ብሎ። አናጢው ቆቡን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው ለራሱም አልገባውም።

የመጀመሪያውን ሳንቃ አስጠጋ። መዶሻ አላስፈለገውም፤ ተንሸራቶ ገባና ቁጭ አለ። የምስማሩ ቀዳዳ ከሥር ካለው አግዳሚ አሮጌ ቀዳዳ ጋር ገጠመ። የሚቀጥለውም ገጠመ። ሁሉም ገጠሙ። ይህን ሁሉ ዘመን በዝናብ ሲያብጡ በፀሐይ ሲኮማተሩ ኖረው ቦታቸውን አልረሱም።

«ወይ ጉድ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ምስማሮቹን መታ።

«ምንድነው የምታንኳኳው? ቤቴን ልታፈርሰው ነው?» ፌንጣ ግድግዳውን እየዳበሰ በባዶ እግሩ ብቅ አለ።

«ውጣና እየው።»

«እየው ይለኛል! በምኔ?»

«በእግርህ።»

ፌንጣ እያጉረመረመ መጣ። ልጅቷ ልትደግፈው እጇን ስትዘረጋ አናጢው በዓይኑ ከለከላት። ጠርዙ ላይ ሲደርስ እግሩ ስርጉዱ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሌላኛውን እንደ ልማዱ አነሳ።

«አትዝለል» አለው አናጢው።

እግሩ አየር ላይ ቀረ።

«ምኑን ልረግጥ ታዲያ?»

«ርገጥ ብዬሃለሁ።»

ቀስ ብሎ አወረደው። ጣቶቹ እንጨት ነኩ። ተኮማተሩ፣ ወዲያ ወዲህ ዳበሱ። አውራ ጣቱ አንዱን ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ እዚያው ቀጥ አለ።

ፌንጣ የማያይ ዓይኑን ወደ አናጢው አዞረ። «መቀመጫዋን ነቀልከው?»

«ያንተን መለስኩልህ።»

ፌንጣ እስከ ደረጃው ሄደ፤ እጁን ምሰሶው ላይ አሳርፎ ተነፈሰ፤ መመለስ ጀመረ። ከደጃፉ ሻንጣው መሬት ሲነካ ተሰማ።

ሲመለስ የተገጠሙት ሳንቃዎች መሃል ላይ ቆመ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ቆሞበት በማያውቀው ቦታ። ሁለቱን እግሮቹን ጎን ለጎን አደረገ። ከዚያ የወንበሩን ምልክት ላለመርገጥ ጣቶቹን ሰብሰብ አደረጋቸው።