ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

በቃሉ፣ የሌለ ፍሪሲዮን ፍለጋ፣ ግራ እግሩን ይሰድዳል፤ የሚያገኘው ፍሬኑን ነው። ነጯ መኪና ቀጥ ትልና ግንባሩን ከመሪው ጋር ታጋጨዋለች። ሦስተኛው መሆኑ ነው።

«ካምቢዮው ተበላሽቷል» ይላል ግንባሩን እያሻሸ።

«ወላሂ ደህና ነው» ይላል የመኪናዋ ባለቤት አልአሚን። «አውቶማቲክ ነው። ማርሽ ራሱ ይቀይራል። ሁለት እግር አይፈልግም፣ አንድ ይበቃል።»

ይህን ብሎ ዓይኑ የታጠፈው የሱሪዬ እግር ላይ ያርፍና ቶሎ ይነሳል። የሁሉም ሰው ዓይን እንዲህ ነው፤ ያርፍና ይሸሻል። እኔ የአልአሚን ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፉ ሥር ምርኩዜን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ደሜ ፈልቷል።

መኪና የምትገዛው ታናሽ እህቴ እታለም ናት፤ ከአሶሳ ባምባሲ እህልና ሰው ልታመላልስበት። የሚነዳው በቃሉ ነው፣ የሟቹ ባሏ ወንድም። እኔን ይዛኝ የመጣችው ቅር እንዳይለኝ ብላ ነው። አፍ አውጥታ ባትናገረውም አውቃለሁ።

እኔ በደርግ ጊዜ የጦሩን ዚል የጭነት መኪና ስነዳ በቃሉ ብስክሌት እንኳ አልለመደም ነበር። ግራ እግሬ ከጉልበት በላይ የቀረው ኩርሙክ መንገድ ላይ ነው፤ ከነመኪናዬ ፈንጂ ላይ ወጥቼ። ክልሉ ተቋቁሞ ቢሮ በቢሮ ላይ ሲከፈት፣ ሹፌር ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ አመለከትኩ። ጥበቃ አደረጉኝ። አሁን መኪና በመጣ ቁጥር በር እከፍታለሁ። ሹፌሮቹ ጡሩምባ ይነፉብኛል። ከዚህ የባሰ ስድብ ካለ ንገሩኝ።

በቃሉ ይወርድና ከነጯ አጠገብ የቆመውን፣ አልአሚን አብሮ የሚሸጠውን ፒካፕ መታ መታ ያደርጋል። «እታለም፣ መውሰድስ ይሄን ባለማርሹን ነው። ባትሪ ቢሞት ገፍተን እናስነሳዋለን። ያቺን ብንገፋት ወይ ፍንክች። ካምቢዮዋ የተበላሸ ቀንስ እዚህ አሶሳ ማን ከፍቶ ያይልሻል? አዲስ አበባ በአህያ ጭነሽ ልትወስጃት ነው?»

እታለም ትስቃለች። አልአሚንም ይስቃል። እኔ አልስቅም። ያንገበገበኝ የበቃሉ መሳሳት አይደለም፤ ልክ መሆኑ ነው። ሁለት እግር ቢኖረኝ እኔም ፒካፑን እመርጥ ነበር።

«እንግዲያው ፒካፑን እንጨርስ» ትላለች እታለም። ከዚያ ወደኔ ዞራ ድምጿን ታለሳልሳለች። «አንተ ደግሞ ጋቢና ትቀመጣለህ። ከተሳፋሪ ሒሳብ ትቀበልልናለህ።»

«ሒሳብ?»

«ምን አለበት? ቁጭ ብለህ…»

«ከጎኑ ተጎልቼ ሳንቲም ልልቀም?» እጮሃለሁ። «ዛሬ ይዘንብ ይሆን፣ በጉ የት ገባ፣ ይሄን ሁሉ ትጠይቂኛለሽ። ስለ መኪና አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን!»

«ኧረ ተው ወንድምዓለም፣ ሰው ፊት…»

አልተውም። እየተንደረደርኩ ወደ ነጯ መኪና እሄዳለሁ። ምርኩዜን ከኋላ ወንበር ላይ እወረውርና በመሪው ተንጠልጥዬ እገባለሁ። «ጋሼ፣ ይቅርብህ፣ ትጋጫለህ!» ይላል በቃሉ። እንደማልሰማው ሲገባው እየሮጠ መጥቶ አጠገቤ ዘሎ ይገባል። እታለም ከኋላ ትገባና ምርኩዙን አንስታ ጭኗ ላይ ታጋድመዋለች።

ቁልፉን አዞራለሁ። ፍሬኑን በቀኝ እግሬ ይዤ፣ አልአሚን እንዳሳየው፣ የማርሹን ዘንግ ስቤ «ዲ» ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ ፍሬኑን ለቀቅ ሳደርግ መኪናዋ በራሷ መሄድ ትጀምራለች። በቃሉ በሁለት እጁ ፊቱን ከልሎ መንገጫገጩን ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። አይመጣም። ያንን ስህተት የሚሠራ እግር የለኝም።

ከግቢው ወጥተን የባምባሲን መንገድ እንይዛለን። ቀዩ አቧራ ከኋላችን ይነሳል። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ማርሹ ይቀየራል፣ ዝቅ ይላል፤ እኔ ምንም አላደረግኩም። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ከጎኔ የበቃሉ ግራ እግር ወለሉን ይረግጣል።

«ምንድን ነው የምትረግጠው?»

«ሳላውቀው ነው፣ ጋሼ።»

ሳቄ ይመጣል፤ ግን ንዴቴ አልወጣልኝም። በበቃሉ ተናድጃለሁ። በዚያ ቢሮ ተናድጃለሁ። ጥላኝ በሄደችው እግሬ ተናድጃለሁ። ከኋላዬ ዝም ብላ በተቀመጠችው እህቴ ከሁሉም የበለጠ ተናድጃለሁ።

«ብትበላሽስ?» ትላለች እታለም ቀስ ብላ።

«ትበላሽ!» እላለሁ። ድምፄ ይሰበራል። «እስክትበላሽ ልንዳት!»

ከከተማው መውጫ ኬላው ጋ ስንደርስ አዙሬ እመለሳለሁ። ግቢው ውስጥ ገብቼ ማንጎው ሥር አቆማታለሁ። ሞተሩን አላጠፋሁም።

አልአሚን ወደ እታለም መስኮት ይመጣል። «እሺ እታለም፣ የቱ ይሁን?»

«ሹፌሩን ጠይቀው።»

በቃሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ፒካፑን ነዋ…»

«አንተን አላልኩም» ትለዋለች።

አልአሚን በመኪናዋ ፊት ዞሮ ወደኔ መስኮት ይመጣል። ፊቴን እንዳያይ አንገቴን አቀረቅራለሁ። አብረን የተሳፈርንበት መኪና በቆመ ቁጥር፣ ገና ሳልጠይቃት፣ ምርኩዜን የምታቀብለኝ እታለም ናት። አሁን አላቀበለችኝም። በመስታወቱ አያታለሁ። ምርኩዙን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ እጇን ደርባበት፣ ወደፊት መንገዱን ታያለች።