ሞተሩን ያጠፋው አብራሪ

ወጣቱ ስለ አውሮፕላን ያለው እውቀት በየዓመቱ ቢሾፍቱ ለአየር ትርኢቱ ሄዶ አንጋጦ ከማየት ያለፈ አልነበረም። ይህን እሱም ያውቃል፤ ምላሱ ግን አያውቅም። ዘንድሮ ደግሞ እጮኛውንና አባቷን፣ አቶ ዘርጋውን፣ ጋብዞ ስለመጣ ጭራሽ አላስቀምጥ አለው። ሽማግሌ ልኮባቸው መልሱን ገና ይጠብቃል።

አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር ለእሳቸው ሰጠና፣ እሱ በባዶ ዓይኑ ያስረዳ ጀመር። ጄቶቹ አልፈው ሰማዩ ጸጥ ሲል፣ ከሐይቁ በላይ አንድ ጥቁር ነገር ቀስ እያለ ሲዞር አየ።

«ያውልዎት ጋሼ፤ አብራሪ ማለት ይኼ ነው።»

አቶ ዘርጋው መነጽሩን ወደዚያው አዞሩ። «ድምፅ የለውምሳ?»

«ሞተሩን አጥፍቶት ነው። በነፋስ ብቻ ነው የሚንሳፈፈው። በአገሩ ይህን የሚደፍር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አብሮ አደጌ ነው።»

«አብሮ አደግህ?»

«አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። በረራ እንዲማር የመከርኩትም እኔ ነኝ። ሲወርድ አስተዋውቅዎታለሁ።»

እጮኛው ኮራ ብላ ክንዱን ያዘችው። አጠገባቸው የቆሙትም ጆሯቸውን ሰጡት፤ አንዱማ ማጨብጨብ ጀመረ።

አብሮ አደጉ አንዴ ዞረና ዝቅ አለ። ከዚያ እግሮቹን ዘረጋ፤ ክንፉን ሁለቴ አርገበገበና ከመንገዱ ማዶ ካለው ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ ዐርፎ ላባውን ያራግፍ ጀመር።

አቶ ዘርጋው መነጽሩን አውርደው መለሱለት። የኮታቸውንም ቁልፍ ቆለፉ።

«በል እንግዲህ ልጄ፣» አሉ፣ «ወርዷል፤ አስተዋውቀኝ።»