እንኮዬ እና እንኮይ

በረራ በቁጥር መጠራቱ ከቀረ ቆይቷል። ቁጥር ከቁጥር እየተምታታ አንዱ አብራሪ የሌላውን ትእዛዝ መፈጸም ስላበዛ፣ አሁን አውሮፕላን የሚጠራው በካፒቴኑ የቤት ስም ነው፤ እናቱ ባወጣችለት ስም ተጠርቶ የማይሰማ የለምና። ታዲያ ስሙ አንዴ ለሰማይ ከተሰጠ ምድር ላይ አይነሳም። የካፒቴን ውዳላት እናትም አንዲት ልጃቸውን «እንኮዬ» ማለት ትተው፣ ምሳ ሲቀርብ «ካፒቴን፣ ነይ ብዪ» ይላሉ።

አንድ ቀን ውዳላት ወደ አዲስ አበባ ስትበር ከተማዋን ጉም ውጧታል። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና «እንኮ...ይ፣ ውረጂ» አለ። ረዳት አብራሪው ናሆም አውሮፕላኑን ለማውረድ እጁን ወደ መሪው ሰደደ።

«ተው! እናቴ በዚህ ስም ትጠራኝ በነበረ ጊዜ ‹ዬ›ዋን ታስረዝማት ነበር፤ ይሄ ቁርጥ አለ» አለችና ሬዲዮውን ያዘች። «እንኮዬ ነው ያላችሁት ወይስ እንኮይ?»

የማማው ተቆጣጣሪ ተጣድፎ መለሰ። «እንኮዬ፣ ባለሽበት ቆዪ! ያልኩት እንኮይን ነው፣ እንደ ፍሬው። ከሥርሽ ናት!»

ሁለቱም በሰላም ሲያርፉ የማማው ሰዎች በሬዲዮ እልል አሉ። ተቆጣጣሪው ግን «ከሁለቱ ስሞች አንዱ ከሰማይ መውረድ አለበት» አለ።

ውዳላት አፍታም አላሰበችም። «የኔን መልሱልኝ!»

ቤት ደርሳ ለእናቷ ስትነግራቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ከዚያ ጎረቤት እስኪሰማ ተጣሩ፦

«እንኮዬዬዬ!»

በሬዲዮ «ተቀብያለሁ» ማለት የለመደው አፏ፣ «አቤት፣ እማዬ!» አለ።